የጭቃ እሳትና የአያ ጓንጉል እንዶድ

ጠጋ በሉ። ዛሬ የሚያስቅ ተረት የለኝም። እንቅልፍ የመጣበት ይተኛ፣ የከፋው ያልቅስ፤ እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ አላቋርጥም።

ድሮ ነው፤ እንስሳውም ሰውም ቃል ይለዋወጥ በነበረበት ዘመን። ስሙ የጠፋብኝ አንድ ሸለቆ ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካን ታውቁታላችሁ፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እግር ይዞ አልለቅም ይላል። ሰማዩ ደግሞ በግንቦት ከተቀደደ እስከ መስከረም የሚሰፋው አያገኝም። ገበሬው ከጭቃ ወጥቶ ጭቃ ይገባል። ታዲያ በጣትና በጣት መሃል ያለው ቆዳ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቅና ያቃጥላል። ሲያኩት ደስ ይላል፤ ካከኩት በኋላ ነው የሚያስለቅሰው። ሽታውን አትጠይቁኝ።

የአገሩ ሰው ይህን በሽታ «የጭቃ እሳት» ይለው ነበር። የጭቃ እሳት የያዘው ገበሬ ጥማድ ተከትሎ መሄድ አይችልም። በሬው ቆሞ፣ ሞፈሩ ቆሞ፣ እሱ ምድጃ ዳር እግሩን ዘርግቶ ዝናቡን ሲያይ ይውላል። ክረምት ያላረሰ ሰው በጋ ምን እንደሚበላ እናንተም አታጡትም።

በዚያ አገር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ሰው ቤት እየተቀጠረ የሚያርስ ምስኪን ነው። ድግስ ሲኖር በር አጠገብ፣ ውሻው ከተኛበት ይቀመጣል። ጠላው ዞሮ ዞሮ እሱ ዘንድ ሲደርስ አተላ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጅ ቀርታዋለች፤ የሻረግ ትባላለች።

አንድ ክረምት የጭቃ እሳት ጓንጉልን ያዘው። ጌታው እግሩን አየና «እግር የሌለው አራሽ ምን ያደርግልኛል፣ በል ሂድ» ብሎ አሰናበተው። ጓንጉል እያነከሰ ወደ ገደል ወረደና ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ።

እመት ጃርት ከጉድጓዷ ወጣች። በዚያ ዘመን ተናጋሪ ነበረች፤ ሲያለቅሱ ሰምታ አታልፍም።

«ሰውዬ፣ ምን ያስለቅስሃል?»

«እግሬ ተበላ፣ እመት ጃርት። እኔ ካላረስኩ ልጄ ምን ትቀምሳለች?»

እመት ጃርት ጠጋ ብላ እግሩን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። «ይህማ አያስለቅስም። እኔ አፈር ስምስ ውዬ የማድር ነኝ። እስቲ እግሬን እየው» ብላ አነሳችለት። እግሯ የሕፃን እግር ይመስላል።

ከዚያ ወደ አንድ ቁጥቋጦ ወሰደችው። አንዱን ዛፍ ተጠምጥሞ የወጣ ሐረግ ነው፤ ፍሬው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ጓንጉል አየና ቅር አለው።

«ይህ እኮ እንዶድ ነው። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት።»

«የሚቆሽሸው ልብስ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?» አለችው።

ፍሬውን ድንጋይ ላይ ፈጨችለት፣ በውሃ መታችው፣ አረፋው ተነሳ። በአረፋው እግሩን አጥባ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ አደረቀችለት። «ጧት ማታ እንዲህ አድርግ። ጭድ ላይ እንጂ ጭቃ ላይ አትቁም። ቆዳህ ይመለሳል» አለች። ሊሄድ ሲነሳ ግን ጠራችው።

«በነፃ ሰጥቼሃለሁ። አንድ ነገር ግን አለ። ያየኸውን አሳይ፣ የዳንክበትን አድንበት።»

«ባላሳይስ?»

«እኔ ምን አደርግሃለሁ፤ እኔ ጃርት ነኝ። የሚሆነውን ራስህ ታደርገዋለህ።»

ጓንጉል ዳነ። ለሰው ሁሉ ሊናገርም ቆርጦ ነበር፣ ሐሰት አልናገርም። ነገር ግን መጀመሪያ ያገኘው ያንን ያባረረውን ጌታ ሆነ። ሰውዬው አሁን በተራው የጭቃ እሳት ይዞት፣ በዱላ ተደግፎ ደጁ ላይ ቆሟል። የጓንጉልን እግር አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምን አድርገህ ዳንክ?»

ቃሉ ጓንጉል ምላስ ላይ ደርሷል። ሰውዬው ግን ቀደመው። «ግባ፣ ግባ እስቲ። እዚያ አይደለም፣ ከፍ በል» አለና መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፈለት። ጓንጉል በዕድሜው ከፍ በል ተብሎ አያውቅም። ቁርበቱ ላይ ሲቀመጥ ደንገጥ አለ። እንዶድ ነው ብል ይስቃል፣ ራሱ ከአጥሩ ይቆርጣል፣ እኔም ወደ ውሻው እመለሳለሁ ብሎ አሰበ። ቃሉን ዋጠው።

«የአባቶቼ መድኃኒት ነው። ስሙ ከተጠራ ይረክሳል» አለ።

ይህን ማንም አልተጠራጠረም። በዚያ አገር ልማዱ ነው፤ መድኃኒት ስሙ በአደባባይ አይጠራም፣ አዋቂው ሊሞት ሲል ለልጁ በጆሮው ይነግራል፣ አለቀ። ጓንጉል በዚህ ልማድ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

ከዚያ ወዲያ ወፍ ሳይንጫጫ ይነሳል። መንገድ ላይ ሰው ቢያገኝ ሰላም አይልም። ፍሬውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ አረፋው እንዳይታወቅበት በጥላሸትና በቅቤ ይለውሰዋል። ሽታውን ደግሞ በጤና አዳም ይሸፍነዋል። ታማሚው ሲመጣ እንዲህ ይላል።

«እግርህን ዘርጋ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ምንድን ነው አትበል።»

ሰዉ ይዘረጋል፣ ይጨፍናል፣ ምንድን ነው አይልም። በቅቤ የተለወሰ እንዶድ እንደ አረፋው ፈጥኖ አያድንም፤ ቢሆንም ያድናል። ጓንጉልም አያ ጓንጉል ተባለ። ማር ይመጣለታል፣ ሙክት ይመጣለታል፣ ድግስ ላይ ከሽማግሌዎቹ በላይ ይቀመጣል፣ ጠላው ከእሱ ይጀምራል። እጁን ያየ እንጂ ቅጠሉን ያየ የለምና፣ ዘንድሮ የዳነው ለከርሞ እያነከሰ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ አገሩ ሁሉ ሲያዝን አያ ጓንጉል ቤቱን ይጠርጋል።

የሻረግ አደገች። አባቷን የምትወድ፣ የተናገረውን ሁሉ እንደ ወንጌል የምትይዝ ልጅ ናት። አንድ ቀን እንዲህ አለችው።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ደክመዋል። መድኃኒቱን ያሳዩኝና እኔ እየለቀምኩ ላምጣልዎት።»

«ጊዜው ሲደርስ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።»

«ጊዜው መቼ ነው?»

«ይደርሳል አልኩሽ፣ የሻረግ።»

ልጁ ናት፣ የሚደብቃት ምን አለ ትሉ ይሆናል። ፈርቷል። ለእሷ ከነገራት ነገ ስታገባ ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ለእናቱ ይነግራል፣ ከዚያማ የወንዝ ወሬ ይሆናል። ያ የውሻው ቦታ ከዓይኑ አልጠፋም።

አሁን ብጡልን ላምጣላችሁ። ብጡል ባሏ የሞተባት፣ ልብስ አጥባ የምታድር፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነች። አንድ ዕለት ሰዉ ከሾላው ሥር ለሸንጎ ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አለች።

«አያ ጓንጉል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወንዝ ውስጥ ቆሜ ነው የኖርኩት። ከኔ በላይ ውሃ ውስጥ የቆመ የለም። የጭቃ እሳት ግን እኔን አያውቀኝም። አብረውኝ የሚያጥቡትንም አያውቃቸውም። ይህ ነገር እንዴት ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ አጣቢዎቹ እግር ዞረ። እውነትም እግራቸው ደህና ነው።

አያ ጓንጉል ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። አንድ ቃል ብቻ ቀርቷታል፤ አንዷ ተነስታ እንዶዱ ይሆናል እንዴ ካለች አለቀለት። ግን ብልጥ ነው፣ ብልጠቱን ማን ይክደዋል። ራሱን ነቀነቀና ያዘነ መሰለ።

«ብጡል፣ ይህን ነገር ሰው እንዳላስቀይም ብዬ በሆዴ ይዤው ነበር። አንቺው አመጣሽው። እናንተ የማያማችሁ ከወንዙ ላይኛው በኩል ቆማችሁ ስለምታጥቡ ነው። የእንዶዱ አረፋ ይወርዳል። ወርዶ ወርዶ የት ያርፋል? እታች ማሳው ውስጥ የቆመው ገበሬ እግር ላይ። የጭቃ እሳት ሌላ አይደለም፤ እንዶድ ነው።»

ከዚያ አንዱ ገበሬ «እኔ የማርሰው ከወንዙ በታች ነው» አለ። ሌላውም «እኔም» አለ። ሁሉም የሚያርሱት ከወንዙ በታች ነበር፣ ሜዳው እዚያ ነዋ።

«እኔ አላምንም» አለች ብጡል። «ደግሞስ ልብሳችንን በምን እንጠብ?»

«በአመድ» አሏት።

በዚያው ሳምንት ሰዉ መጥረቢያና መቆፈሪያ ይዞ ወጣ። ከአጥሩ፣ ከገደሉ፣ ከምንጩ ዳር፣ እንዶድ የተባለ ሁሉ ከነሥሩ ተነቀለ። ሸለቆው በጭስ ተሞላ። የብጡልን አጥር የነቀሉት የገዛ እህቷ ልጆች ናቸው፤ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አየቻቸው።

አያ ጓንጉል ግን አንዷን እንዶድ አተረፈ። ከጓሮው፣ ከቁልቋሉ አጥር ኋላ፣ ጥሻ ውስጥ ነበረች። የሻረግን «እዚያ እንዳትደርሺ፣ እባብ አለ» ብሎ ገና በልጅነቷ አስፈራርቷታል። አሁን በአገሩ ያለችው መድኃኒት እሷ ብቻ ሆነች፣ የሚያውቃትም እሱ ብቻ።

ጭሱ ገና ሳይጠፋ እመት ጃርት ደጁ መጣች።

«ጓንጉል፣ ምንድን ነው ያደረግኸው? ያየኸውን አሳይ፣ የዳንክበትን አድንበት አላልኩህም?»

አያ ጓንጉል ግራ ቀኙን አየ። ጎረቤት ሊሰማ ነው። ውሻውን ጠርቶ «ያዛት» አለው። ውሻው ዘሎ ጎኗን ነከሳት፣ እሱም አፉ በወስፌዋ ተወጋና እየጮኸ ሸሸ። እመት ጃርት ደሟ እየፈሰሰ ጥቂት ሄደችና ዞር አለች።

«ያን ጊዜ ስታለቅስ ሰምቼህ ነው አፌን የከፈትኩት። ከዛሬ ወዲያ ሰው ቢያለቅስም አልከፍትም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጃርት ለሰው ቃል ስትተነፍስ የሰማ የለም። ሰው ስታይ ወስፌዋን ታቆማለች፣ በቃ።

ክረምቱ ገባ። እንዶዱ ጠፍቷል፣ የጭቃ እሳት ግን አልጠፋም። እንዲያውም ባሰበት። አሁን አጣቢዎቹም ያነክሳሉ፣ ብጡልም ታነክሳለች። አመዱ ልብሱን አላነጣውም፣ እጃቸውንም ላጠው። ሰዉ ግን «ሥሩ የሆነ ቦታ ቀርቶ ይሆናል» እያለ ጥሻ ለጥሻ እንዶድ ሲፈልግ ይውላል። አያ ጓንጉል ደጅ ወረፋው በዛ። የደረቀው ፍሬ ተሟጠጠ። እሱም ሌላ ሊለቅም እንደ ልማዱ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ጓሮ ወጣ።

እዚያው ቁልቋሉ ሥር ወደቀ። አንድ ጎኑ ከዳው፣ ምላሱም ተሳሰረ። ዝናቡ ሲወርድበት፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ እንደተቀበረ፣ የሻረግ ፈልጋ እስክታገኘው ድረስ እዚያው ተኝቶ ነበር።

ተሸክመው አስገቡት፣ መደቡ ላይ አስተኙት። ከዚያ እግሩ መንጣት ጀመረ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ። የጭቃ እሳት አያ ጓንጉልን ያዘው። ስንቱን ያከመ እጅ የራሱን እግር መድረስ አቃተው። ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ፣ እግሩ አበጠ፣ ትኩሳቱም መጣ።

የሻረግ ከሥሩ አልተለየችም። ጆሮዋን አፉ ላይ ታስጠጋለች።

«አባዬ፣ ጊዜው አሁን ነው። ይንገሩኝ። የእርስዎን እግር በምን ላክመው?»

አፉን ይከፍታል። ለሃጭ እንጂ ቃል አይወጣም። ያን ሁሉ ዘመን የዋጠው ቃል አሁን ውጣ ቢሉት አልወጣ አለ። እንባው ብቻ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

በመጨረሻ ደህና የሆነው እጁ ትዝ አለው። አነሳውና ወደ ጓሮ አመለከተ።

«ጓሮ?» አለች የሻረግ።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። አዎ ማለቱ ነው።

«እባብ አለ ያሉኝ ቦታ?»

አሁንም ጨፍኖ ገለጠ። የሻረግ ሮጣ ወጣች። አያ ጓንጉል ከወደቀ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ እፎይ አለ። ልጄ ታገኘዋለች፣ ዘለላውን ታያለች፣ ይገባታል ብሎ ጠበቀ። ለእሷም፣ ለባሏም፣ ለአገሩም ይዳረስ፤ የውሻው ቦታም ይሁን፤ እግሬን ብቻ አለ በልቡ። ይህን ያለው ከልቡ ነበር፣ ግን ዘገየ።

የሻረግ ቁልቋሉን ገልጣ ጥሻው ውስጥ ገባች። እባብ የለም። እንዶዱ ፍሬውን ተሸክሞ፣ ለምልሞ ቆሟል። ከአባቷ አፍ ምን እንደሰማች ታውቃላችሁ። የጭቃ እሳት ሌላ አይደለም፤ እንዶድ ነው። ታዲያ ምን ታድርግ? መቆፈሪያ አምጥታ ከሥሩ ነቀለችው። ከአፈሩ ውስጥ አንዲት ቀጭን ሥር እንኳ አላስቀረችም። የረገፈውን ፍሬ ሳይቀር በቀሚሷ ለቅማ፣ ሁሉንም ታቅፋ ገባች። ፊቷ በርቷል።

«አገኘሁት አባዬ። ለካ ጠላትዎ ከጓሯችን ተደብቆ ኖሯል። እሱን ነው ያሳዩኝ፤ ገባኝ።»

አያ ጓንጉል እጁን አንስቶ አወናጨፈ። አይሆንም ማለቱ ነው። እሷ ቶሎ በይ ያላት መሰላት። እሳቱን አነደደችና እንዶዱን ከነፍሬው ማገደችው። እርጥብ ነበርና ጭሱ ቤቱን ሞላው። ከዚያ አባቷን ከመደቡ አውርዳ ወደ ምድጃው አስጠግታ፣ ያበጡትን እግሮቹን በሁለት እጇ ደግፋ፣ እሱ ድሮ ለታማሚ ሁሉ እንደሚለው በለስላሳ ድምፅ አለችው።

«እግርዎን ይዘርጉ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

አያ ጓንጉል ዓይኑን አልጨፈነም። ዘለላው እየተንጣጣ ሲቃጠል ያያል፣ ሙቀቱ እግሩን ያገኘዋል። እያየ አለቀሰ። የሻረግ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«ጭሱ ነው አባዬ። አይዞዎት፣ አሁን ያልቃል።»

ያን ዕለት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እመት ጃርት ደጃፉ ላይ ታየች። ጭሱን አሽትታ ነው የመጣችው። እሷም ታነክሳለች፤ የምትታጠብበት እንዶድ ተነቅሎ እግሯ ተበልቷል። ምድጃውን አየች፣ አመዱን አየች፣ አያ ጓንጉልን አየችው። እሱም አያት፣ በዓይኑም ለመናት። አንድ ቃል ለልጁ ብትተነፍስ ኖሮ፣ ወደ ሌላ አገር ሄዶ አንዲት ዘለላ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም ነበር። እመት ጃርት አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ ዘጋችና ጨለማው ውስጥ ገባች።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች የሻረግ።

አያ ጓንጉል ብዙም አልቆየም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ ያነክሱ ነበርና በየመንገዱ እያስቀመጡት ያርፋሉ። መቃብር እስኪደርሱ ቀኑ መሸባቸው። የሻረግ ደረቷን እየደቃች እንዲህ ብላ ሙሾ አወረደች፦

ያገሩን እግር ሁሉ ሲያድን የኖረ፣
ለገዛ እግሩ ጊዜ መድኃኒት ቸገረ።

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። «መድኃኒቱን ይዞት ገባ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ብጡል ከኋላ ተቀምጣ፣ የቆሰለ እግሯን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። «ምን እንደሆነ ባወቅኩ» ብላ አጉረመረመች፤ የሰማት የለም።

የሻረግ አባቷን ከጠላቱ ልታድን የቻለችውን ሁሉ እንዳደረገች እያመነች አረጀች። ማን ይንገራት? የሚያውቁት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሞተ፣ አንዷ ከሰው ተኳረፈች። ያ ሸለቆም የአንካሶች አገር ተባለ። የእንዶድ ችግኝ አንድ ቦታ ብቅ ካለ ልጆቹ ሮጠው ይነቅሉት ነበር፣ ተነግሯቸዋላ።

እኔ የሰማሁትን ሰጠኋችሁ። እናንተም ስትሄዱ ለሌላው አድርሱት፣ ደብቃችሁ እንዳታስቀሩብኝ። የፊተኞቹም ይህን አይተው እንዲህ አሉ፦

መድኃኒቱን የደበቀ፣ ሲነድ እያለቀሰ ሞቀ።